የግራዝማች ሰባት ቤት

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ክረምቱ ወጥቷል ብዬ ጃንጥላዬን አምበር ከተማ ካለው ቢሯችን ትቼ መጣሁ። ዘነበ። የግብርና ባለሙያ ነኝ እኮ... ሰማዩን እንኳ ማንበብ አልቻልኩም። የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ፣ በእያንዳንዱ ቡትስ ውስጥ አንድ አንድ ኩሬ። የቀረኝ እንቁራሪት ነው።

ቀበሌው እንደተውኩት ነው። ሦስት በግ ከተብኩ። አንድ ውሻ አባረረኝ። አያ ባዘዘው ከአጥራቸው ማዶ ሆነው፣

"ሂዊ፣ አይናከስም እኮ! ባለሙያ ሲሮጥ ማየት ስለሚወድ ነው።"

ውሻ ጌታውን ይመስላል። አያ ባዘዘው ዐርባ እናት በግ አላቸው፤ ሲያስነጥሱ መንደሩ "ይማርዎት" ለማለት ይሰለፋል። እሳቸው ያስከተቡትን ሁሉም ያስከትባል፣ እሳቸው ያልወደዱትን ማንም አይወድም። አንገታቸው ላይ ከሳጥን ቁልፋቸው ጋር አንድ ቢጫ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል። የጀሪካን ቁራጭ ይሆን? ሰው በአንገቱ የማይሸከመው የለም።

ዋናው ወሬ፦ ስምንት ሰዓት ላይ ኃላፊዬ አቶ የሽዋስ ደወለ። "አውራ በጉ ተፈቅዷል።" ሜሪኖ! ከማዳቀያ ጣቢያ! ጠጉሩ እንደ ጥጥ የሚፈተል... ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ደብዳቤ ራሱ ቢፈተል ለአንድ ጋቢ ይበቃ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አለው። እስከ ኅዳር 23 ሠላሳ እናት በግ ለማዳቀል ካልተመዘገበለት መኪናው መልሶ ይወስደዋል፤ ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል። "ሠላሳ!" ብዬ ሳቅሁ። አያ ባዘዘው ብቻቸውን ዐርባ አላቸው። ምን ችግር አለ?

ጥቅምት 27

መጣ። ፒክአፕ ኋላ ላይ ቆሞ፣ እንደ ተሿሚ። ቀንዱ ሁለቴ ተጠምዝዞ ጆሮው ሥር ያርፋል። አንገቱ ጎርፍ የሄደበት ማሳ... እጥፍ በእጥፍ ላይ። ከላይ ሲያዩት አቧራ ነው። ጠጉሩን ከፈል ሲያደርጉት ግን ነጭ፣ ወዛም፣ ጥቅልል ጥቅልል ያለ። እጄን ማውጣት አልፈለግኩም። ሲቆም ደግሞ የኋላ ግራ እግሩን ያሳርፋል፣ ተረኛው እንደዘገየበት ዘበኛ።

የመንደሩ ፈታይ እትዬ ታየች እንዝርታቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው መጡ። አዩት። "ይኼማ በግ አይደለም፤ ግራዝማች ነው" አሉ። ጸደቀ።

ግራዝማች ከመኪናው ወረደ፣ በክብር ተራመደ፣ በክብር የጭድ ክምር ውስጥ ገባ። ለካ የግንባሩ ጠጉር ዓይኑን ሸፍኖታል። በመቀስ ከረከምኩለት። ዞር ዞር ብሎ ሀገሩን አየ። የጠበቀው ሌላ ሳይሆን አይቀርም።

ጥቅምት 30

የምዝገባ ማስታወቂያዬን ግራዝማች ከግድግዳው ላይ በላው። እስካሁን ፍላጎት ያሳየ እሱ ብቻ ነው።

ኅዳር 2

የምዝገባ ቀን። ጠረጴዛ፣ መዝገብ፣ ሁለት እስክሪብቶ (አንዱ መጠባበቂያ፤ ሕዝብ ይጎርፋል ብዬ)። ሕዝቡ ጎርፏል። ዙሪያውን ቆሞ ያያል። አያ ባዘዘው እስኪመጡ ማን ይጀምራል?

መጡ። ግራዝማችን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን አዩ። ከዚያ ያቺን የሚያሳርፋትን የኋላ እግሩን... ረጅም ጊዜ። ምን አገኙባት?

"ሰባት ቤት ተቆጥሯል?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"የሱ። ሙሽራ አይደል? ዐርባ ልጃገረድ ልድርለት ነው። ዘሩ ሳይቆጠር?"

"አያ ባዘዘው፣ በግ ነው እኮ!"

"እኔስ በቅሎ ነው አልኩሽ?"

ሕዝቡ ሳቀ። ቀጥሎ ሕዝቡ በረቱን ዘጋ። እዚህ ሀገር ሰው ሊጋባ ሲል ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራል፤ ከዚያ በታች ዝምድና ከተገኘ ሰርጉ ቀረ። ይህን አውቃለሁ። አክስቴም አንድ ጥሩ ባል እንዲህ አምልጧታል፤ እስካሁን ትተክዛለች። ግን ለበግ?

ተመዝጋቢ፦ ባዶ።

ኅዳር 3

ለአቶ የሽዋስ ነገርኩት።

"ሪፖርቱ ላይ የግንዛቤ ክፍተት በይው።"

"ክፍተቱን በምን ልሙላው?"

"በግንዛቤ።"

ስልኩ ተዘጋ። ኃላፊ መሆን እንዲህ ቀላል ከሆነ እኔስ ለምን አልሆንም?

ኅዳር 6

እሺ። ሰባት ቤት ከፈለጉ ሰባት ቤት ያገኛሉ። ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣሁ። አንድ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ግማሽ ቀን አነበብኩ፤ ያየኝ ሰው ስለት የገባሁ መስሎት አለፈ።

የግራዝማች ዘር የሚታወቀው በስፔን ነው። ከዚያ በፊት ከሰሜን አፍሪካ ባሕር ተሻግሮ መጣ የሚሉ አሉ፤ አይ እዚያው ነው የተገኘ የሚሉም አሉ። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ የኛው ሰው ነው ማለት ነው፤ ውጭ ሀገር ቆይቶ ስም ቀይሮ፣ ወፍሮ የተመለሰ። በስፔን ክረምትና በጋ ከደጋ ቆላ እያለ በመንጋ ይነዳ ነበር አሉ። የሀገሩ ሀብት ሁሉ ጠጉሩ ላይ ስለነበር ነገሥታቱ እንዳይወጣ ከለከሉ። አንድ በግ ከሀገር ያስወጣ ሞት ይጠብቀው ነበር ይላል! በበግ አንገት የሰው አንገት። በኋላ ንጉሡ ራሱ በጀርመን ሳክሶኒ ለሚገዛ ዘመዱ መንጋ ላከለት። ለካ ሌላው ሲያወጣው ኮንትሮባንድ ነው፣ ንጉሥ ሲያወጣው ስጦታ። የፈረንሳይ ንጉሥም ደረሰው። ሌሎቹ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ በኩል አውስትራሊያ ገቡ፤ እዚያ ከሰው በላይ በዙ።

ቆጠርኩ። ሰሜን አፍሪካ ("ይባላል")፣ ስፔን፣ ሳክሶኒ፣ ፈረንሳይ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያ፣ ማዳቀያ ጣቢያ። ሰባት! ከጉብታው እየሮጥኩ ወረድኩ፤ ያየኝ ሰው ስለቴ የደረሰልኝ መሰለው።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ በር ላይ አነበብኩት። ሰው ሁሉ ቆሞ ሰማ። የሰርግ ዝምድና የሚቆጥሩት መሪጌታ ገዳሙም ነበሩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይቆጥራሉ። ሞት ጋ ስደርስ ሴቶቹ "እፍፍ!" አሉ። ንጉሡ ለዘመዱ የላከው ጋ ስደርስ አንዱ ከኋላ፣ "ሁልጊዜም በዘመድ ነው!" አለ።

ጨረስኩ። እንደ ጠበቃ ቆምኩ።

"አሳመርሽው" አሉ አያ ባዘዘው። "የከበረ ዘር ነው። ሩቁን ሰማን። ቅርቡስ?"

"የምን ቅርብ?"

"አባቱ። አባቱ ማነው?"

"ከማዳቀያ ጣቢያ ነው የመጣ አልኩዎት።"

"ጣቢያ አይወልድም።"

ሳቅ። መሪጌታ ገዳሙ ዓይናቸውን ገለጡ፣ "ልክ ነው። ስንት ዓመት ስቆጥር ኖርኩ፤ ሰው ሰባተኛው ቤት ላይ አይዋሽም። የሚዋሸው አንደኛው ላይ ነው" አሉ።

ይኼን ያህል ከስፔን ጀምሬ ነድቼው መጥቼ... በአባት? እልህ ያዘኝ። ጽሑፌን አጥፌ ሄድኩ።

ኅዳር 14

እትዬ ታየች ቤት። ጠጉር በደጋን እየነደፉ ነበር። እንደወትሮው ባና ሊሠሩ ነው፤ የኛ በግ ጠጉር ደረቅ ነው፣ ባናው ያሞቃል፣ ግን እሾህ የለበሱ ያህል ያሳክካል።

"ባሌ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? 'ከታየች ባና ጋር ከምተኛ ከብርዱ ጋር ልተኛ።'"

"ምን አሏቸው?"

"ብርዱን አጋባሁት።" ሳቁ፣ ከዚያ ደጋኑን አስቀመጡ። "ዓይኔ እየደከመ ነው፣ ሂዊ። አንድ የማያሳክክ ሳልሠራ እንዳይጠፋብኝ ነው የምፈራ። አንድ ብቻ።"

ለካ በጉን የምፈልገው እኔ ብቻ አይደለሁም...

ለሙከራ ከግራዝማች ጎን የቆረጥኩትን ጠጉር ሰጠኋቸው። በጣታቸው አሹት። ፊታቸው በራ።

"እንዲያም ሆኖ የአባቱን ያህል አልለሰለ..."

አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሳሉ። ብዙ ሳሉ።

"የማን አባት?"

"ብናኝ ነው የገባብኝ።"

ጎናቸው ያለውን የተፈተለ ጠጉር ድውር አነሣሁ። ከሌላው ይለሰልሳል። የአያ ባዘዘው በጎች ነው አሉኝ። ለምን ለሰለሰ? "ሣራቸው ጥሩ ነው።" ሣር ይሆናል እንግዲህ። ጻፍኩት፦ የሣሩ ጉዳይ ይጠና።

ኅዳር 18

ተመዝጋቢ ስድስት። አራቱ የአንዲት መበለት ናቸው፤ ሁለቱ አርጅተዋል። አቶ የሽዋስ፦ "ማክሰኞ መኪናው ይመጣል። አቅጣጫው ግልጽ ነው።" አቅጣጫው ወደ ውጭ ነው።

ዛሬ ቀልድ አልመጣልኝም። ሁለት ዓመት። አንድ ሽማግሌ "አባቱ ማነው" ስላለ? ነገ ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ። ከበጉ ጋር የመጣው የዘር ወረቀት ከዶሴዬ አልወጣም፤ እዚያ ላይ የአባቱ የጆሮ ቁጥር ይኖራል። ፊታቸው ላይ እወረውርላቸዋለሁ። (አልወረውርም። በሁለት እጄ እሰጣቸዋለሁ። ግን በቁጣ።)

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ትናንት ዘነበ። ዛሬ ሄድኩ። አሁን ተመልሼ ተቀምጫለሁ፤ እስቃለሁ ወይስ አለቅሳለሁ?

አያ ባዘዘው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱን ገለጥኩ።

"አባቱ ይኸው! ቁጥር 0417! ረኩ?"

ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

"እስኪ ድገሚው።"

"ዜሮ፣ አራት፣ አንድ፣ ሰባት።"

ቁልፋቸውን ከአንገታቸው አወለቁ። መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ቢጫው ፕላስቲክ... የጀሪካን አይደለም። የበግ ጆሮ ላይ የሚሰካው ነው። 0417።

ማወቅ የነበረብኝን ነገር በቆምኩበት አወቅኩ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ እኔ ሳልመጣ፣ ጣቢያው ላይ ልጆች ያስቀረ አንድ ሜሪኖ እዚህ ቀበሌ ተልኮ ነበር። መዝገቡ ላይ አለ፦ "በደረሰ በስምንተኛው ቀን፣ ሳይዳቀል፣ በጅብ ተበላ።" ስንቴ አንብቤ አዝኜለታለሁ!

"አያ ባዘዘው... ጅብ በላው ተብሏል እኮ።"

"በልቶታል።"

"ጅቡ ማነው?"

"መንደሩ ነዋ። ጭንቅላቱ ለኔ ደረሰኝ።"

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ደንቡ አውራው አንድ ወቅት እዚህ ሠርቶ ለሚቀጥለው ቀበሌ እንዲተላለፍ ነበር። ማን ይስጥ? በሳምንቱ ጅብ በላው አስባሉ። በጉ በአያ ባዘዘው ውስጠኛ በረት ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ተደብቆ ኖረ፤ የመንደሩን በጎች በተራ አዳረሰ። ከዚያ አንድ ፋሲካ እግሩ ተሰበረ።

"ከዐርባዎቹ ሃያ ስምንቱ የሱ ልጆች ናቸው" አሉ። "የሌላውም ቤት እንዲሁ። ይኼ ያንቺ ግራዝማች ሲቆም የኋላ ግራ እግሩን ያሳርፋል። አባቱም እንዲያ ነበር። ያን ቀን ሳየው ክው አልኩ። እህቶቹን ልትድሪለት ነበር፣ ሂዊ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ መንደሩ በሌብነት ይጠየቃል፣ ሁለተኛ በግም አናይ። ባልነግርሽ ደሙ ይበላሻል፤ ግልገሉ ይኮሰምናል። አባቱን ራስሽ እንድታገኚው ነበር 'ይቆጠር' ያልኩ። አንቺ ግን..." ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስፔን ድረስ ሄደሽ አባቱን አጣሽው።"

እኔ! ባለፈው መጋቢት በትልቅ ወረቀት ሥዕል ሥዬ "የዘር መቀራረብ አደጋ" ብዬ ያስተማርኩ እኔ! ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዳመጡት አያ ባዘዘው ነበሩ። እኔ ያሾፍኩበት ቆጠራና እኔ ያስተማርኩት ትምህርት አንድ ነገር ናቸው። ልዩነቱ እሳቸው የሠሩበት መሆኑ ነው።

ስወጣ፣ "ጅቡ ብቻውን አልበላም። እንግዳም ነበረው" አሉ።

"ማን?"

"ጾም ነው፤ ሰው አላማም።"

ኅዳር 21፣ እሑድ

ዝም ብል ማክሰኞ በጉ ይሄዳል፣ ሌላ አይመጣም። ብናገር መንደሩ ይጋለጣል። እንዲያው ዝም ብዬ ባስመዘግብስ? በጉ ይቀርልኛል፤ ግልገሎቹ ግን... አይሆንም። አንድ ሌላ መንገድ አለ። ይጁቤ አካባቢ የተሰጠ ሌላ አውራ አለ፤ ወረቀቱን ቢሮ አይቸዋለሁ። አባቱ ሌላ ከሆነ መለዋወጥ ይቻላል። ነገ በማለዳ አምበር።

ኅዳር 22

መጀመሪያ ዶሴ ክፍል ገባሁ። የይጁቤው በግ፦ አባት 0358። እናቱንም፣ የእናቱንም አባት አየሁ። እስክሪብቶዬ እስኪሞቅ አየሁ። ከ0417 ጋር ዘመድ አይደሉም።

ከዚያ የጅቡን ሪፖርት አወጣሁ። እንደው የጻፈውን ባለሙያ ስም ለማየት... ፊርማው ትልቅ ነው፣ ያምራል። የሽዋስ። ያኔ ባለሙያ፣ ዛሬ ኃላፊዬ።

ገባሁ። ተቀመጥኩ።

"ጅቡን አግኝቸዋለሁ" አልኩት።

"የቱን ጅብ?"

"የ0417ን። መንደር ሙሉ ናቸው። አንዱ ግን ከአምበር ለፋሲካ ተጋብዞ የሄደ ነው አሉ።"

በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ውጭ ምንም የለም፤ ግድግዳ ነው።

"ማን እንደሆነ ነገሩሽ?"

"ጾም ነው አሉ።"

ተነፈሰ። ሰው ጾም ሲያመሰግን እንዲህ ከልቡ ሆኖ አይቼ አላውቅም።

"ምንድን ነው የምትፈልጊ?"

"የበግ ልውውጥ። ከይጁቤው ጋር። እና መዝገቡ ይታረም፤ ልጆቹ አሉ፣ የሉም ተብሎ መኖር የለበትም።"

ሦስት ወር የሚፈጀው ደብዳቤ በዐሥራ አንድ ደቂቃ ከነማኅተሙ ወጣ። "ሳይዳቀል" የሚለውን ሰርዞ፣ "በጅብ ተበላ" የሚለው ሥር በእጁ ጨመረበት፦ "ዘር ተክቶ።" የሚገርም ጅብ ነው፤ አስቀድሞ ያስረግዛል።

ኅዳር 23

ግራዝማች ሄደ። ልክ እንደ አመጣጡ፣ ፒክአፕ ላይ ቆሞ፣ ግራ እግሩን አሳርፎ። እትዬ ታየች ዓይናቸውን ጠረጉ። ያው መኪና ከሰዓት ሌላውን አመጣ። ይኼኛው ቀንዱ ይበልጣል። "ሹመት ጨምሮ መጣ፤ ቀኛዝማች ነው" አሉ እትዬ ታየች።

አያ ባዘዘው ሦስት ጊዜ ዞሩት።

"አባቱ?"

"0358።"

"እናቱ?"

አነበብኩ። ቤት በቤት፣ ወረቀቱ እስካለ ድረስ። ሰባት አይሞላም፤ አራት ነው። አልዋሸሁም፤ "እዚህ ላይ ያበቃል" አልኩ።

አያ ባዘዘው መሪጌታ ገዳሙን አዩአቸው። መሪጌታ፣ "ለበግ አራት ይበቃል። እኛም ከሰባት በላይ አንቆጥር" አሉ።

ተመዝጋቢ ሰባ አንድ። መጠባበቂያው እስክሪብቶም አለቀ።

ጥር 15

ቀኛዝማች ከስቷል። ሥራውን አክብሮ የሚሠራ አንድ የመንግሥት ተሿሚ አገኘሁ።

ሚያዝያ 5፣ የፋሲካ ማግሥት

ማለዳ ተነሥቼ መጀመሪያ በረቱን አየሁ። ቀኛዝማች አለ። ሁለቴ ቆጠርኩት፤ አንድ ነው። አያ ባዘዘው ከኋላዬ፣

"አትስጊ። ጅቡ ዘንድሮ ዶሮ በልቷል።"

ሚያዝያ 25፣ እሑድ

ወለደች! የአያ ባዘዘው ቦራ የምትባል በግ። ሴት ግልገል፤ ቆዳዋ የአያቷን ጋቢ የለበሰች ሕፃን ይመስላል፣ እጥፍጥፍ ያለ። እትዬ ታየች ተንበርክከው ገና እርጥብ የሆነውን ጠጉር በሁለት ጣታቸው ያዙ። ብዙ ቆዩ።

"እ?" አልኩ።

"ዝም በይ። እየፈተልኩ ነው።" እንዝርት በእጃቸው አልነበረም።

አያ ባዘዘው፣ "ጻፊ" አሉኝ። አዲሱን ደብተር ገለጥኩ። ከስፔን አልጀመርኩም።

"አባት?"

"0358።"

"እናት?"

"ቦራ።"

"የእናት አባት?"

ዙሪያውን የቆመውን መንደር አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፦

"0417። ጅብ ሳይሆን እኛ የበላነው።"

ጻፍኩት። ቢጫውን ቁራጭ ከቁልፋቸው ፈቱት፤ "ከተጻፈ ወዲያ እኔ አንገት ላይ ምን ይሠራል" ብለው እጄ ላይ ጣሉት።

ሚያዝያ 27

አምበር። ቢሮ ስገባ ቢጫው ቁራጭ የተንጠለጠለበትን ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አቶ የሽዋስ አየው። ጎንበስ ብሎ አየው።

"ይኼ ቢጫ ነገር ምንድን ነው?"

"የጀሪካን ቁራጭ።"

"እንዲያ ነው የሚመስለው" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።